የድንኳኑ ካስማ

ሃያ ሦስት ዓመት የኢንተርኔት መስመር ስዘረጋ ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሰርግ ብሄድ፣ ክርስትና ብጠራ፣ ፀጉሬን ልስተካከል ብቀመጥ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጌትነት፣ ዛሬ ኔትወርኩ ምን ሆነ?» ኔትወርኩን ኪሴ ውስጥ ከትቼ የያዝኩት ይመስል! አንዱ የባጃጅ ሹፌርማ ዓባይ ድልድይ አጠገብ አስቁሞኝ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖብኛል። ስለዚህ ሔራን አንድ ቀን ደጃፌ ድረስ መጥታ «ጋሼ ጌትነት፣ መስመራችን ለጌም ይሆናል?» ስትለኝ በደግ ቃል አልመለስኩላትም።

«ለጌም!» አልኳት። «ሰው አንዲት ፎቶ መላክ አቅቶት እኔን ይረግማል፣ አንች ለጌም ትያለሽ?»

ሔራን የመሪጌታ ገብረ መስቀል ልጅ ናት። አባቷ አብዛኛውን ዓመት ከጣና ደሴቶች በአንዱ ላይ ድጓ ያስተምራሉ፤ እሷና እናቷ ዓባይ ማዶ፣ ከእኔ ቤት ሦስት አጥር አልፎ ተከራይተው ይኖራሉ። ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሥራ አላገኘችም። ያላት ነገር ቢኖር ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ ላፕቶፕና ማንም የማይበግረው ጠባይ ነው።

ቁጣዬን ከምንም ሳትቆጥር እዚያው ደጃፌ ላይ ቆማ አስረዳችኝ። ጌሙ ያለው እሷ ላፕቶፕ ላይ አይደለም፤ ናይሮቢ ያለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። እሷ ጋ የሚደርሰው ምስሉ ብቻ ነው። ቁልፍ ስትጫን ትእዛዙ ናይሮቢ ይሄዳል፣ መኪናው እዚያ ይታጠፋል፣ የታጠፈው መኪና ምስል ተመልሶ ዓባይ ማዶ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ውድ ማሽን የሌለው ሰውም መጫወት ይችላል፤ መስመሩ ደህና ከሆነ ማለት ነው። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ታዲያ ከአዲስ አበባ ውጭ ካሉ ስድስት ከተሞች አንዱን ሊመርጥ ነው። በተመረጠው ከተማ አንድ ሰው በወር ደመወዝ ይቀጥራል፤ ሥራው ጌሞቹን እየተጫወቱ ጉድለታቸውን መንገር ነው። ከባሕር ዳር የቀረበችው ሔራን ናት። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የመኪና ውድድር ነው። መስመሩ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከተቋረጠ ፈተናው አበቃ። ሁለተኛ ቀጠሮ የለም።

«ከተማው ዝግጁ ነው ወይ ብለው ነው የሚጠይቁ» አለችኝ።

«አይደለም ብለሽ ጻፊላቸው» አልኩና በሩን ዘጋሁ።

ጋሽ ወልደ ጻድቅ ባይኖሩ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ጣና ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጀልባ ነድተው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፋቸው ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጠን በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን። አንድ ቆርኪ ለማንቀሳቀስ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ለእኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። «ጋሼ፣ ኔትወርክዎ ተቋረጠ እንዴ?» እላቸዋለሁ። እሳቸው ቀና ሳይሉ «ቆይ፣ እየጫነ ነው» ይሉኛል። ከዚያ ሦስት ቆርኪ ባንዴ ይበሉብኛል።

በዚያ ሰሞን ሔራን በዳማችን መሃል መጥታ ጉዳዩን እንደገና አነሳችው። እኔ ማጉረምረም ጀመርኩ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ግን ቆርኪያቸውን አስቀምጠው ጠየቋት።

«መኪናው የት ነው ያለ?»

«ናይሮቢ።»

«አንችስ?»

«ዓባይ ማዶ።»

«ታዲያ መሪውን ስታዞሪ ቆይቶ ነዋ የሚሰማሽ!»

ሔራን ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «እሱ ነው ችግሩ!» አለች። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት በሙያው የኖርኩት ሰውዬ ስለ ፍጥነት ስለፈልፍ፣ ኢሜይል ከፍተው የማያውቁ ሽማግሌ የነገሩን እምብርት በአንድ ጥያቄ አገኙት። ቅናት ይሁን አድናቆት ዛሬም አልለየሁትም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ከድሮ ባልደረባቸው አንድ የብረት ጀልባ ለምነው ሁለታችንንም ጣና ላይ ይዘውን ወጡ። እኔ ውኃ አልወድም። ከመነሻችን የጀልባውን ጠርዝ አንቄ ይዤ ነበር። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ሔራንን መሪው ላይ አቆሟትና «አሁን ወደ ቀኝ» አሏት። አዞረችው። ጀልባው ምንም አላለም። አሁንም ጨምራ አዞረችው። ይኼኔ ጀልባው የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ባንዴ ሰምቶ ወደ ቀኝ ተወረወረ። ደንግጣ ወደ ግራ መለሰችው፤ ወደ ግራ ደግሞ ከልኩ በላይ ሄደ። እኔ ከመቀመጫዬ ወለሉ ላይ ወረድኩ።

«እስኪታዘዝሽ አትጠብቂ» አሏት ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «መታጠፊያው ሳይደርስ አዙሪ። ከዚያ እጅሽን አሳርፊና እመኝው።»

ስንት ጊዜ እንዳስደገሟት አልቆጠርኩም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሔራን ያንን የሚያህል ብረት ከሐይቁ ዳር ደንገል አጠገብ አዙራ፣ ከማረፊያው ድንጋይ ጎን ሳታስነካው አቆመችው። ጋሽ ወልደ ጻድቅ በኩራት ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«የሚዘገይ ጀልባ አያስፈራም። ሁልጊዜ እኩል ከዘገየ ትለምጅዋለሽ። የሚገድለው መሪው የላላው ነው፤ አንዴ ፈጥኖ፣ አንዴ ዘግይቶ የሚሰማው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጌትነት፣ አንተ የምትሰጣት የትኛውን ነው?»

«እኩል የሚዘገየውን» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ሳልጠጣ ሳልሰክር ቃል ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከሥራ ስወጣ እሷ ቤት ነበርኩ። የሔራንን ቤት የፋይበር መስመር ዓምና የዘረጋሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ ጫፎቹን ሁሉ እንደ አዲስ ጠረግኩ፣ የተጣመመውን አቃናሁ፣ ራውተሩን ከቁምሳጥን ጀርባ አወጣሁት። ትእዛዝ ናይሮቢ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ስለካ ሰባ አራት ሚሊ ሰከንድ አለ። በማግስቱም ሰባ አራት። ሦስተኛው ቀን ሰባ አምስት። ይህ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ካለው ጊዜ ያነሰ ነው፤ በገደል ጫፍ በሚሮጥ መኪና ላይ ግን ሞትና ሽረት ነው። ሔራን መታጠፊያው ሳይደርስ ታዞራለች፣ እጇን ታሳርፋለች፣ መኪናው ልክ በሰዓቱ ይታጠፋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን «እስኪ ድገሚው» አልኳት። ከዚያ በፊት ጌም ሥራ ፈት የሚያደርገው ነገር ይመስለኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር፤ ይኸው በጽሑፍ አምኛለሁ።

ፈተናው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ማታ፣ ጋሽ ወልደ ጻድቅ አረፉ። እራታቸውን በልተው፣ ደረቴን ከበደኝ ብለው ጋደም አሉ፤ በዚያው አልተነሱም።

ቅዳሜ ንጋት ላይ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። የእኛን እድር ያላየ ሰው ሥራ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም። ጥሩምባው በተነፋ በአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ ድንኳኑ ከመጋዘን ወጥቶ መንገድ ዳር ተዘርግቷል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ የሴቶቹ ጀበናና ድስት ጓሮ ገብቷል፣ መቃብር ቆፋሪው ሄዷል፣ ከፔዳ የሚመጡትን የሚቀበል ሰው ማዞሪያው ላይ ቆሟል። ማንም ማንንም አልጠየቀም። እኛ መሥሪያ ቤት አንድ የተበጠሰ መስመር ለመቀጠል ሦስት ቀን ይፈጅብናል፤ ፊርማ፣ መኪና፣ ነዳጅ፣ ደግሞ ፊርማ። በዚያ ጠዋት እድሩን ሳይ በሙያዬ አፈርኩ።

የድንኳን ተራ የእኔ ነበር። ስምንቱንም ካስማ የመታሁት እኔ ነኝ። የእድሩ ዳኛ አቶ ዳኘው «ቶሎ በል፣ ሰው እየመጣ ነው» ይሉኛል፤ እኔ መዶሻውን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። አላለቀስኩም። ሰው ፊት የሚያለቅሱ ዓይነት ወንድ አይደለሁም።

ስድስት ሰዓት ላይ ቀብረን ሰባት ሰዓት ተመለስን። ሔራን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ድንኳኑ በር ላይ ስንገናኝ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ልተወው ይሆን?» አለችኝ። «እሳቸው ተቀብረው እኔ መኪና ስነዳ ነውር ነው።»

«እሳቸው ናቸው ያስተማሩሽ» አልኳት። «እኔም ለእሳቸው ቃል ገብቻለሁ። ሂጅና ማሽንሽን ክፈች።»

እሷ ሄዳ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እየሮጠች ተመለሰች። የራውተሩ መብራት ቀይ ሆኗል።

ስብራቱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ የሚናገር መሣሪያ አለኝ። ቤቷ ሄጄ ጫፉ ላይ ሰካሁት፤ ሰማንያ ስድስት ሜትር አለ። መስመሩን ተከትዬ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ወጣሁ፤ እግረ መንገዴን የማልረግመው ሰው አልነበረም። ባለ ዶዘሩን ረገምኩ፣ የውኃ ቧንቧ ሠራተኞቹን ረገምኩ፣ አጥር የሚሠራውን ጎረቤቴን ረገምኩ። «የትኛው ደንቆሮ ይሆን ሳይጠይቅ መሬት የሚወጋ!» እያልኩ ሰማንያ፣ ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት ስል አንድ ካስማ ፊት ቆምኩ። የለቅሶው ድንኳን የኋላ ካስማ ነበር። እንዳይላወስ ሥሩ ድንጋይ ተጠግቶለታል። በእድራችን ካስማ መትቶ ድንጋይ የሚያስጠጋ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ይህም አልበቃ። መስመር አንድ ሜትር ጠልቆ መቀበር አለበት። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ጥቁር ድንጋይ አስቸገረኝ፣ ዝናብም መጣብኝ፣ «ማን ይነካዋል» ብዬ ሁለት ስንዝር ላይ አስተኝቼው አፈር መለስኩበት። ማን እንደነካው አሁን ታየ።

ለማንም አልተናገርኩም። አፈርኩ። በለቅሶ ድንኳን ሥር አፈር ከመቆፈር ሌላ መንገድ ይኖራል ብዬ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ራውተር ይዤ ወደ ሔራን ሮጥኩ። ገጠምነው፤ መጀመሪያ አርባ ስምንት አለ። ከፋይበሩም የፈጠነ! ደስ አለኝ። ወዲያው ሦስት መቶ አሥር አለ። ከዚያ ስልሳ ስድስት፣ ከዚያ መቶ ዘጠና። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለዘመድ መርዶ እየደወለ ነው፤ አንዱን የኔትወርክ ምሰሶ ሁላችንም ተሻምተነዋል። ሔራን ለመለማመድ ሦስት ጊዜ ነዳች፤ ሦስቱንም ጊዜ መኪናው ገደል ገባ። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይህ መሪው የላላ ጀልባ ነው» አለች።

ሰዓቱ ለስምንት አምስት ጉዳይ ነበር። ዕቃዬን አንጠልጥዬ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።

ለቅሶ ድንኳን ደግሞ ገብቶ ወዲያው መውጣት የለም። ገባሁ፣ ነፍስ ይማር አልኩ፣ ቁጭ አልኩ። ንፍሮ በእጄ ዘገኑልኝ። ንፍሮውን እየቆረጠምኩ የሰዓቴን ቆጣሪ አያለሁ፤ አውራ ጣቴ ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ ይጠዘጥዘኛል። አሥር ደቂቃ እንደዚህ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ወደ አቶ ዳኘው ተጠግቼ በሹክሹክታ ነገርኳቸው፤ ካስማው መስመር ላይ አርፏል፣ መንቀልና ትንሽ መቆፈር አለብኝ አልኩ። ማን እንደመታው አላነሳሁም።

አቶ ዳኘው በደግ ዓይን አላዩኝም። «ቀብረን ላባችን ሳይደርቅ፣ ለጌም ብለህ የለቅሶ ድንኳን ልትነቅል?»

«ጌም አይደለም! ሥራ ነው!» አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮኼ ኖሮ ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከሴቶቹ መሃል የጋሽ ወልደ ጻድቅ ባለቤት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ቀና አሉ። «ምን ሆነ ነው የምትል?»

«መስመር ተበጥሶ ነው እትዬ። የሔራን መስመር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰዓቱ አይደለም።»

«ገመድ ነው?»

«ክር ነው። የመስተዋት ክር፣ ከፀጉር የቀጠነ።»

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ሃያ ሰባት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርተዋል። ክር ስላቸው ሌላ ነገር ፊታቸው ላይ መጣ። «ልጅቱ ስንት ሰዓት ነው የተቀጠረች?» አሉ።

«ዘጠኝ።»

ተነሡ። ሴቶቹ ሊይዟቸው ሞከሩ፤ እጃቸውን አስለቀቁ። «እኛ ክር ሲበጠስ ማሽኑ እየዞረ ነው የምንቀጥል» አሉ። «ቆመን አልቅሰን አይደለም። ሰውየው ሁለት ሳምንት ሙሉ የእሷን ነገር ሲያወራ ነው የሞተ። እኔ ብቀመጥም እሱ አይመለስ። ዳኘው፣ ምን ታየኛለህ? ንቀል!»

አቶ ዳኘው ሌላ ሰው አላዘዙም። ጋቢያቸውን ጥለው ካስማውን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ድንኳኑ ወደዚያ እንዳይወድቅ አራት ሰዎች ገመዱን ይዘው ወደ ኋላ ተለጥጠው ቆሙ፤ ሁለቱ መምህራን ናቸው፣ አንዱ ነጋዴ ነው፣ አንዱ ቄስ። እኔ ተንበርክኬ ቆፈርኩ። ሁለት ስንዝር ስለሆነ ጊዜ አልፈጀም፤ ጥፋቴ ለዚያች ደቂቃ ጠቀመኝ።

ዓምና ትርፍ ገመድ አስቀርቼ ስለነበር አንድ ቦታ መቀጠል ይበቃ ነበር። የተጎዳውን ቆረጥኩ፣ ልባሱን ገፈፍኩ፣ ክሩን በአልኮል ጠረግኩ፣ ሁለቱን ጫፍ አቅልጦ በሚበይደው ማሽን ቦይ ውስጥ ላስተኛ ሞከርኩ። ክሩ ከጣቴ ሾልኮ ጠመመ። ማሽኑ አልተቀበለውም። እንደገና ቆርጬ እንደገና ሞከርኩ፤ አልተቀበለውም። ትርፉ ገመድ እያለቀ ነው። በሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል።

«ወዲህ በለው» አሉ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ። በርጩማ አስመጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ይህ እንደ ጥጥ አይደለም።»

«ወዲህ በለው አልሁህ!»

ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን በምላሳቸው ሊያርሱ ሲሉ «አይሆንም እትዬ! ደረቅ ነው የሚፈልግ!» ብዬ ጮህኩ። ከለቅሶው መሃል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ከንፈራቸው ትንሽ ላላ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠራርገው ክሩን ያዙት። ያንን እጅ ባሳያችሁ እንዴት ጥሩ ነበር! ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ አንጓው ያበጠ እጅ ነው፤ ክሩን ሲይዝ ግን ምንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ቦታውን በጣቴ አሳየኋቸው። አንዱን ጫፍ አስተኙት። ሌላውን አስተኙት። ክዳኑን ዘጋሁ። ማሽኑ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ አረንጓዴ በራ።

«ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው» አልኳቸው። ዕቃዬን ሰብስቤ ተነሣሁ።

እሳቸው ግን በርጩማቸው ላይ ቀሩ። ቅጥሉ ክፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ሰው እንዳይረግጠው የእድሩን ትሪ ገልብጠው ሸፈኑትና አጠገቡ ቁጭ አሉ። ካስማው ሊመለስ ስላልቻለ አራቱም ሰዎች ገመዱን እንደያዙ ቆዩ።

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ሔራን ቤት ስገባ ቁጥሩ ሰባ አራት ነበር።

ያቺን አንድ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ሔራን ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ተቀምጣ ነዳች። እኔ መኪናውን አላየሁም፤ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነበር። ሰባ አራት። ሰባ አምስት። ሰባ አራት። ግማሽ ሰዓት ላይ ከሐይቁ ነፋስ ተነሣና የቤቱ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ዘልዬ ወጥቼ ወደ ድንኳኑ አየሁ። ሸራው እንደ ሆድ ተነፍቷል፤ አራቱ ሰዎች እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ይጎትታሉ፤ ቄሱ ቆባቸው ወድቆ አልጎነበሱም። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ትሪውን በሁለት እጃቸው ተጭነውታል። ተመልሼ ገባሁ። ሰባ አራት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሔራን እጇን አሳረፈች። መኪናው ብቻውን ጥቂት ሄዶ የመድረሻውን መስመር አለፈ። ስሟ ወጣ፣ የከተማዋ ስም ወጣ፣ ከሥሩ «ሳይቋረጥ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጆይስቲኩን ታቅፋ አለቀሰች።

ያኔውኑ የምትሞላው ቅጽ ተላከላት። ከጥያቄዎቹ አንዱ «መስመር ቢቋረጥ በስንት ጊዜ ይጠገናል?» ይላል። ሔራን ዛሬ የፈጀብንን ልትጽፍ አለች፤ ግማሽ ሰዓት ከምናምን። እኔ ግን እውነቱን ንገሪ አልኳት። «ሦስት ቀን ብለሽ ጻፊ። ዝግጁ አይደለንም። ዛሬ የሆነውን የሠራው መሥሪያ ቤት አይደለም።» ይህ ሥራውን ሊያሳጣት እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ሁለቱንም ጻፈች። «እንደ ደንቡ ሦስት ቀን። ዛሬ ግን ጎረቤቶች በሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠግነውታል» አለች።

ሰኞ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑን ስናፈርስ ሔራን ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ እየሮጠች መጣች። ተቀጥራለች። የተመረጠው ከተማ ባሕር ዳር ነው። ድርጅቱ ከመልእክቱ ግርጌ አንድ መስመር ጨምሯል፤ ከስድስቱ ከተሞች ለጥገናው ጥያቄ እንከኑን ሳትደብቅ መልስ የሰጠችው እሷ ብቻ ናት፣ ሥራውም እንከን የሚናገር ሰው ይፈልጋል ይላል። አቶ ዳኘው በለቅሶ ቤት እልል አይባልም ብለው ሴቶቹን ዝም አሰኙና፣ ራሳቸው አጥሩ ጀርባ ሄደው ሲስቁ ሰማኋቸው። የእድሩ ሰዎች በሚመጣው ቅዳሜ ዶማ ይዘን ወጥተን መስመሩን አንድ ሜትር እናወርደዋለን ብለው ተማማሉ።

ሰው ሁሉ ሲመሰጋገን እኔ አልቻልኩም። ካስማዎቹን እየሰበሰቡ ሳለ ወደ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ያንን ካስማ የመታሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «መስመሩን ሁለት ስንዝር ላይ የቀበርሁትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በመስኮት አይህ ነበር።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልህ? ዓይንህን እንባ ሞልቶት መሬቱንስ መች አየኸው! መዶሻው ሁለት ጊዜ እጅህን ሲመታህ እንኳ አልሰማህም።»

ግራ እጄን አየሁ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። ከቅዳሜ ጀምሮ የመበየጃው ማሽን ነው የቆነጠጠኝ እያልኩ ነበር።

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ቤት ገብተው የዳማውን ሰሌዳና የቆርኪውን ከረጢት ይዘው ወጡ። «እሑድ ና» አሉኝ። «እኔ እንደሱ አልዘገይም።» ሰሌዳውን ተቀብዬ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያ ሁሉ የእድር ሰው እያየኝ አለቀስኩ።